አዲስ አበባን በአንድ ቀን፦ ጋሼን እናመሰግናለን፣ እንጠቁማለንም

ከውጭም ከክፍለ ሀገርም የሚመጣ እንግዳ እየተቀበልን አዲስ አበባን በአንድ ቀን የምናሳይ ሰዎች ነን። ይህ ጽሑፍ እንግዶቻችንን በኮንትራት ለሚያዞሩልን ሹፌር ምስጋና ነው፤ ዘመድ ሊመጣበት ላለ ሰው ደግሞ ጥቆማ። ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ላይ አንለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን። እንግዶቹ ሁሉ «ጋሼ» ስለሚሏቸው እኛም በዚሁ እንጥራቸው።

መኪና የሚነዳ ሰው በዚህ ከተማ ሞልቷል። ለአንድ ጉዞ እንደ ራይድ ወይም ፈረስ ያለ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ሲሆን ግን በየቦታው አዲስ መኪና መጠበቅ፣ ዕቃ ተሸክሞ መውጣት መግባት፣ ለእያንዳንዱ ሹፌር እንደ አዲስ ማስረዳት ሲደማመር ግማሹን ቀን ይበላል። ጋሼን የምናመሰግናቸው ለመንዳታቸው ብቻ አይደለም። የትኛው ቦታ ከየትኛው በፊት መታየት እንዳለበት፣ ለምን እንደሆነም ስለሚያውቁ ነው።

ገና ሲደወልላቸው የሚጠይቁት እንግዳው መቼ እንደገባ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል። ትናንት ማታ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የገባ ሰው ጠዋት እንጦጦ ቢወጣ ራስ ምታትና ማለክለክ ይይዘውና ቀኑ እዚያው ያበቃል። ለእንዲህ ያለው እንግዳ ጋሼ ከሙዚየም ይጀምራሉ፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ ያስጠጣሉ፣ እንጦጦን ለሌላ ቀን ያቆዩታል። «እዚህ ድረስ መጥቼ!» ብሎ ቢለምናቸውም አይረቱም። ሁለት ሦስት ቀን ያደረ ከሆነ ግን መጀመሪያ እንጦጦ ነው፣ ያውም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ተነስቶ። በዚያ ሰዓት መኪናው ሁሉ ወደ መሀል ከተማ ስለሚወርድ ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ ይቀላል፤ በክረምት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አያስቆምም። ሹራብ መያዝ ግዴታ ነው፤ ታች ሙቀት አለ ብሎ በቲሸርት የወጣ ሰው ከመኪና ሳይወርድ ይመለሳል።

ላይ ሲደርሱ እንጦጦ ማርያም አለች፤ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡባት። አጠገቧ የምኒልክና የጣይቱ መኖሪያ የነበረው ግቢ ነው። ቤተ መንግሥት ሲባል ወርቅና መስታወት የሚጠብቅ እንግዳ የጭቃ ግድግዳና የእንጨት ወለል ሲያይ ግር ይለዋል፤ ጋሼ ይህን ስለሚያውቁ ገና መንገድ ላይ ነገሩን ያስረዳሉ፦ ብርድና የማገዶ እጥረት ያስጨነቀው ከተማ ወደ ፍልውኃ የወረደው ከዚህ ነው፣ ዛሬ ተራራውን የሞላው ባሕር ዛፍም ከአውስትራሊያ መጥቶ የተተከለው በምኒልክ ዘመን ነው። የእንጦጦ ፓርክን ውስጥ ለውስጥ እንይ ከተባለ ግን ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ በአንድ ቀን ፕሮግራም ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

አወራረዳቸውም ሊመሰገን ይገባል። ቁልቁለቱ ረጅምና ጠምዛዛ ነው፤ ብዙ ሹፌር ነዳጅ የሚቆጥብ መስሎት ማርሹን ነፃ አድርጎ በፍሬን ብቻ ይወርዳል። የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ፔዳሉ እየላላ ይሄዳል፤ ሽሮ ሜዳ ሲደረስ ፍሬኑ መያዝ እንቢ ሊል ይችላል። ጋሼ ከላይ ጀምረው በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዘው ያደርጋሉ፣ ፍሬኑን የሚነኩት አልፎ አልፎ ነው። ሌላ ሹፌር የያዘ ሰውም እንዲህ እንዲያደርግ ቢጠይቅ አያፍርም።

ሽሮ ሜዳ መንገድ ላይ ነው፤ የሐበሻ ልብስ የሚገዛ ሰው ማታ ሲመለስ ሳይሆን ከእንጦጦ ሲወርድ እግረ መንገዱን ይግዛ፣ ማታ ሱቆቹ ይዘጋሉ። በእጅ የተሸመነውን ከፋብሪካው ለመለየት ጥለቱን ገልብጦ ማየት፣ መሀሉ ላይም ስፌት ፈልጎ መዳሰስ ይበጃል፤ የሸማኔ ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ሰፊው ጋቢና ነጠላ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው የሚወጣው። ጋሼ ሱቅ ውስጥ አይገቡም። ሹፌር ገብቶ ከጎን ከቆመ ባለሱቁ የኮሚሽን ሂሳብ ይጨምርበታል ብለው ውጭ ይጠብቃሉ፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ልናመሰግናቸው በተገባን።

ከዚያ 6 ኪሎ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ቦርሳ ይፈተሻል፤ ፓስፖርቱን ሆቴል ጥሎ የመጣ እንግዳ ከዚህ ነው የሚመለሰው። ጋሼ ጠዋት ሲያነሱ «መታወቂያ?» ሳይሉ ሞተር አያስነሱም። ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የአጼ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል ከነመታጠቢያው ይታያል፣ ዕቃዎቹም በብሔረሰብ ሳይሆን ከልጅነት እስከ ሞት ባለው የሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው የተደረደሩት። ለእኛ ከከተማው ሙዚየሞች ሁሉ ይህ ይበልጣል። ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርሰውን ደረጃ ሳያዩ አይወጣም፦ ጣሊያኖች ፋሺስት ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. 1922 ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ እርከን ብለው የሠሩት ነው፣ በኋላ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አደባባዩ ላይ ያለው ሐውልት ደግሞ የካቲት 12 ቀን 1929 ለተጨፈጨፉት ነው።

ብሔራዊ ሙዚየም 5 ኪሎ፣ ቁልቁል ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ድንቅነሽ ምድር ቤት ናት፤ ከእሷ መጀመር ይሻላል፣ ምክንያቱም የትምህርት ቤት ተማሪዎች በአውቶቡስ ሲመጡ መጀመሪያ የሚሞላው ያ ክፍል ነው። በኅዳር 1967 ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ አጽም ቅጂ ነው ለእይታ የተቀመጠው፣ እውነተኛው አጥንት በጥንቃቄ ይጠበቃል፤ ይህን ቀድሞ ያልሰማ እንግዳ ተታለልኩ ይላል። ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ገደማ ነው። ዲኪካ ላይ የተገኘችው ሕፃኗ ሰላም ከእሷም ትበልጣለች፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት። የሙዚየሙን አስጎብኚ መያዝ አይቆጭም፤ ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ነገሩን የሚያስተሳስረው ሰው ነው። የቲኬት ዋጋ ለዜጋና ለውጭ ሰው ይለያያል፣ ስለዚህ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለው ይዞ ይምጣ።

አሁን ምሳ። የጋሼ ሁለተኛ ጥያቄ «ይጾማሉ?» የሚለው ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ «ቀኑ ምንድን ነው?»። እንግዳው ክትፎ አምሮት መጥቶ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ብዙ ክትፎ ቤት ዝግ ነው ወይም የጾም ብቻ ያቀርባል፤ በዐቢይ ጾምና በነሐሴ ፍልሰታም እንዲሁ። ያኔ በያይነቱ ነው፦ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ሱፍ ፍትፍት። ምግብ እንዳይደፋ ለሁለት ሰው አንድ ትሪ ይበቃል፣ ጭማሪ እንጀራ ይመጣል።

የፍስክ ቀን ሲሆን በ6 ሰዓት ክትፎ ቤት መድረስ አለበት። የቢሮ ሰው በ6 ተኩል ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ወንበርም አይገኝም፣ ስጋውም ከተከተፈ የቆየ ይሆናል። ክትፎ ሲቆይ ይጠቁራል፣ ቅቤውም ይረጋል፤ ጣባው ለብ ብሎ መምጣት አለበት። አይብ፣ ጎመን፣ ቆጮ አብሮ ይቀርባል። ጥሬ ያልለመደ ሆድ ላለው ጋሼ ሁልጊዜ «የበሰለ በሉ» ነው ምክራቸው፣ ለብለብ እንኳ ከኮሶ አያድንም። ልክ ናቸው፤ ለብለብ የሚነካው ላይ ላዩን ነው፣ መሀሉ ጥሬ ነው። ጥብስ የሚፈልግ ስጋ ቤት ገብቶ ለአራት ሰው አንድ ኪሎ፣ ፊቱ ላይ አስመዝኖ፣ ቅባቱ ምን ያህል እንደሚተው ተናግሮ ያስጠብስ። በጥሬው ያላስመዘነ ሰው ሲቀርብለት የሚከራከርበት የለውም።

ከሰዓት በኋላ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል። ጋሼ ለካቴድራሉ አስቀድመው ደውለው ለጎብኚ ክፍት መሆኑን ያረጋግጣሉ፤ በጾም ወቅት ቅዳሴው ወደ ከሰዓት ስለሚገባ ሰዓቱ ይለዋወጣል። ጫማ ይወልቃል፣ ስለዚህ ካልሲ፤ ለሴቶች ነጠላ። አጼ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ውስጥ ናቸው፣ ንጉሡ እዚህ ያረፉት በጥቅምት 1993 ነው። ውጭ ባለው መካነ መቃብር ለኢትዮጵያ ስትሟገት የኖረችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት አለች። ከዚህ እስከ ቤተ መንግሥቱ ባለው መንገድ ስልክ አውጥቶ በመስኮት ማንሳት ክልክል ነው፤ ጋሼ አካባቢው ከመድረሱ በፊት ነው የሚያስጠነቅቁት፣ ጥበቃ ካስቆመ በኋላ ማስረዳቱ ግማሽ ሰዓት ስለሚወስድ።

ፒያሳን ለማወቅ አዲስ ዓይን ያስፈልጋል። በ2016 ብዙው አሮጌ ሰፈር ስለፈረሰ «እዚያ ሱቅ ጋ» የሚለው አቅጣጫ አይሠራም፣ በኮሪደር ልማት በተሠሩት መንገዶች ላይም በብዙ ቦታ ቆሞ መጠበቅ አይቻልም። ጋሼ አውርደው ፓርኪንግ ይገባሉ፣ መገናኛውን ቦታ እግር ከማንሳታችሁ በፊት ይነግራሉ። ባለ ስምንት ማዕዘኑ የጊዮርጊስ ካቴድራል፣ ፊት ለፊቱ የምኒልክ ሐውልት፣ በየካቲት 2016 የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም፣ ሁሉም በእግር ይያያዛል። ከዚያ ቶሞካ ቡና ቤት፣ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ያለችው። መጀመሪያ ካሸር ጋ ከፍሎ ቲኬቱን ይዞ ወደ ማሽኑ፣ ቡናው ቆሞ ነው የሚጠጣው። ለስጦታ የሚገዛ ያልተፈጨውን ቢወስድ ይቆይለታል፤ ካስፈጨ ለጀበና ወይም ለማሽን መሆኑን ይናገር፣ ለማሽን የተፈጨው ጀበና ላይ ይደፈርሳል።

ኃይል ለተረፈው መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ አለ። የመግቢያ ክፍያ የለውም፣ ሳጥን ውስጥ የሚችሉትን ይጥሉበታል። ለልጆች አይሆንም። መርካቶ በዚህ ቀን አይገባም፤ ጋሼ የሚሉት «መርካቶ ራሱ አንድ ቀን ነው»።

ስለ ክፍያ። ጋሼ ዋጋውን ከዋዜማው ይናገራሉ፣ ነዳጅ፣ ፓርኪንግና መጠበቅ ውስጡ ነው፤ ነዳጁንም ማታውኑ ይሞላሉ፣ ጠዋት ሰልፍ ውስጥ እንግዳ ይዘው አይገቡም። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ባህል ምግብ ቤት ይጠብቁን ካላችሁ ጭማሪው አስቀድሞ ይነገር። ሰዓት ስትቀጥሩ «በኢትዮጵያ» ወይም «በፈረንጅ» በሉ፤ «በ8 እንገናኝ» ብሎ የጻፈ እንግዳ ጠዋት በር ላይ ሲጠብቅ ሹፌሩ ከምሳ በኋላ ሊመጣ ይችላል። ዝርዝር ብር፣ 10 እና 50፣ ለጫማ ጠባቂና ለመኪና ጠባቂ ያዙ፤ ሶፍትም።

አንድ ጉድለት እንጥቀስ፣ ሬዲዮ አይዘጉም። ይዝጉልኝ ማለት ይቻላል፣ አይቆጡም።

ለመያዝ የሚፈልግ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ ይጻፍልን። እሑድ እስከ ቀትር አይሠሩም፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። በጥምቀት ጃን ሜዳ ዙሪያ፣ ማለትም 6 ኪሎ፣ በደመራ መስቀል አደባባይ፣ በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን ደግሞ መሀል ከተማው ስለሚዘጋ በእነዚያ ቀኖች ራሳቸውም አይቀበሉም፤ ሌላ ቀን ይሰጧችኋል።