ስምንት ወር በኤርብረሽ፦ ከጋዜጣው የተረፈው ቀለም

ባለፈው ቅዳሜ የሲ-47 ሞዴል አውሮፕላኔን ክንፍ በኤርብረሽ፣ እንደ ብዕር በሚያዘው ትንሽ የቀለም መንፊያ፣ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን መነሻ ቀለም) ነፍቼ ስጨርስ ከሥሩ ያነጠፍኩትን ጋዜጣ አነሣሁ። ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል። በስፕሬይ ጣሳ ስሠራ ያ ጋዜጣ ከክንፉ የበለጠ ቀለም ይጠጣ ነበር፤ 400 ሚሊ ሊትሩ ጣሳ አራት አውሮፕላን አላደረሰኝም።

አውሮፕላኑ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረበት፣ ከልደታ ሜዳ ይነሣ የነበረው ነው። በ1፡72 መጠን ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የጎማው ዘንግ ግን የክብሪት እንጨት አታህልም። ከጣሳው የሚወጣው ጭጋግ እሷ ዘንድ ሲደርስ መዳፍ ያህል ሰፍቷል። የተረፈው ሁሉ ለጋዜጣው፣ ለመጋረጃው፣ ለሳንባዬ!

ኤርብረሹን የሸጠልኝ ሰው ባለ 0.5 ሚሊ ሜትር አፍንጫውን ውሰድ ብሎ ሞግቶኝ ነበር። ፕራይመር ወፍራም ነው፣ 0.3 ይደፈንብሃል፣ ይኼ ቶሎ ይጨርስልሃል አለኝ። ወንድሜ፣ ቶሎ የሚያልቀው ቀለሙ ነው። በራሱ ማቅጠኛ እንደ ወተት እስኪሆን አቅጥኜ በአሮጌ ስቶኪንግ አጠልለዋለሁ፤ በስምንት ወር የደፈነብኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ሳላጠልል የቸኮልኩ ዕለት።

ልቤን የወሰደው ቃታው ነው። ወደ ታች ሲጫኑት አየር ብቻ ይወጣል፤ ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለሙ ይከተላል። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስሻገር ጣቴን እመልሳለሁ፣ ቀለሙ ይቆማል። ጥቃቅኖቹን በስቴኪኒ ጫፍ ላይ አጣብቄ ግማሽ ድንች ላይ አጠጋግቼ እሰካቸዋለሁ፤ አንዱን የሳተው ጭጋግ ከኋላው ያለው ላይ ያርፋል። ከአምስት እስከ ሰባት ሳንቲ ሜትር ቀርቤ፣ ግፊቱን አንድ ባር አካባቢ አድርጌ እነፋለሁ። የኤርብረሹ የቀለም ኩባያ ውስጥ የማደርገው 15 ጠብታ ነው። ካነሰኝ አምስት እጨምራለሁ፤ ከበዛ ግን ትርፉ ከእጣቢው ጋር ይባክናል።

ለኤርብረሹ አየር የሚሰጠው ኮምፕሬሰር ይጮኻል። ፒያሳ ያለችው ክፍሌ ከጎረቤት የምትለየው በኮምፔንሳቶ ስለሆነ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አልነካውም። መብራት ሲሄድም ሥራው ይቆማል። ለማጠቢያ የሚሄደው ቲነር ያንገበግበኝ ነበር፤ አሁን የዕለቱን ክፍሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ነፍቼ አንዴ ብቻ አጥባለሁ፣ እጣቢውንም በጠርሙስ አስቀምጬ ሲጠል ለሚቀጥለው የመጀመሪያ እጥበት አውለዋለሁ።

ዋጋው በጊዜው አስደንግጦኝ ነበር። ግን በመጀመሪያው ወር የከፈትኩት 60 ሚሊ ሊትር የፕራይመር ብልቃጥ አምስተኛ አውሮፕላኔ ላይ ደርሶ ዛሬም ሲነቀነቅ ድምፅ አለው። ቅዳሜ የሚነፋው የአውሮፕላኑ አካል ነው። ጋዜጣውን አልቀየርኩትም።