የሞንትጎመሪ ካውንቲ «ኦፕት-አውት»፦ ለሐበሻ ወላጅ ምን ያህል ይሠራል?

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ልጅ የሚያስተምር ወላጅ ስለዚህ አገልግሎት ሳይሰማ አይቀርም። ስለ ፆታ ማንነት ወይም ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ የሚያስተምር መጽሐፍ ክፍል ውስጥ ሲነበብ፣ ይህ ከእምነቱ ጋር የሚጋጭበት ቤተሰብ ልጁ በዚያ ሰዓት እንዳይገኝ የሚጠይቅበት አሠራር ነው። ሁሉም በእንግሊዝኛ ስሙ ኦፕት-አውት ይለዋል።

የዚህ አገልግሎት ነፍሱ ማሳወቂያው ነው። መጽሐፉ ማክሰኞ ጠዋት ተነቦ ኢሜይሉ ማክሰኞ ማታ ከደረሰ፣ ቤት ውስጥ በጥንቃቄ የተሞላው ፎርም ምንም አይሠራም። ከዚህ በታች የምንሰጠው ነጥብ ሁሉ ከዚህ ተነሥቶ ነው።

መብቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ከፕሪንሲፓል ጋር ሲነጋገሩ ይጠቅማል። ካውንቲው እ.ኤ.አ. በ2022 መገባደጃ ላይ ከፕሪኬ እስከ 5ኛ ክፍል ባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ውስጥ እነዚህን ጉዳዮች የሚያነሱ የልጆች መጻሕፍት አስገባ። መጀመሪያ ወላጅ ይነገረው ነበር፤ ልጁንም ማስወጣት ይችል ነበር። በማርች 2023 ግን የካውንቲው የትምህርት ቦርድ ከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ጀምሮ ማሳወቁም ማስወጣቱም ይቋረጣሉ አለ። ሙስሊም፣ ካቶሊክና ኦርቶዶክስ ወላጆች ከሰሱ። ሮክቪል በተደረጉት ሰልፎችም የእኛ የተዋሕዶ እናቶችና አባቶች ከሙስሊም ወላጆች ጎን ቆመው ነበር። ወላጆቹ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተሸነፉ፤ በይግባኝም በሜይ 2024 ተሸነፉ፤ በጁን 27 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ፈረደላቸው። ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ የጻፉት ውሳኔ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ቦርዱ እነዚያን መጻሕፍት «ወይም ተመሳሳይ» መጽሐፍ በማናቸውም መንገድ ሊጠቀም ሲል ለወላጆቹ ቀድሞ እንዲያሳውቅ፣ ልጆቻቸውንም እንዲለቅ የሚያዝ ነው። ሲወጣ ጊዜያዊ ትእዛዝ ነበር፤ የቆመውም በሃይማኖት ነፃነት ላይ ነው። ስለዚህ እምነቱን ሳይጠቅስ «አልወደድኩትም» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ወላጅ በዚህ ውሳኔ ላይ መደገፍ ይከብደዋል።

ቦርዱ ማስወጣቱን ሲከለክል ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ጥያቄው በዝቶ ለትምህርት ቤቶች አስቸጋሪ ሆኗል የሚል ነበር። ሌላው፣ ቤተሰባቸው መጽሐፉ ውስጥ ካለው ጋር የሚመሳሰል ልጆች ጓደኞቻቸው ተነሥተው ሲወጡ ይጎዳሉ የሚል ነው። ይህኛውን ቀላል አድርገን አናየውም። ልጃችሁን ከክፍል የምታስወጡ ከሆነ አጠገቡ የሚቀመጠውን ልጅ እንዲያከብር አስቀድማችሁ ንገሩት። ለምን እንደሚወጣ በራሱ ቋንቋ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር እንዲችልም አድርጉ፤ ካልነገራችሁት ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን ግምት ይይዛል።

አሁን ወደ አሠራሩ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው አንድ ፎርም ሁሉንም ይሸፍናል ብሎ ሲያስብ ነው። በሮቹ ሁለት ናቸው። የጤና ትምህርት ውስጥ ያለው የቤተሰብ ሕይወትና የሥነ ወሲብ ክፍል የራሱ የሜሪላንድ ደንብ አለው፤ ይህ ደንብ ከክሱ በፊትም ነበረ። ትምህርት ቤቱ ወላጅ የማስተማሪያውን ጽሑፍ እንዲያይ ዕድል መስጠት፣ ለሚወጣው ልጅም ሌላ ተገቢ ሥራ ማዘጋጀት አለበት። የእንግሊዝኛ ክፍል መጻሕፍት ግን የሚመጡት በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ በኩል ነው። ለጤናው ሞልቶ ለንባቡ ያልጻፈ ወላጅ ግማሹን በር ክፍት ትቶታል። ቨርጂኒያ የምትኖሩ ደግሞ የግዛታችሁ ሕግ ከቤተሰብ ሕይወት ትምህርት ልጅን ማስወጣት ይፈቅዳል፤ ፎርሙ ግን የየካውንቲው ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። «ከእምነታችን ጋር የሚጋጭ ማንኛውም ነገር» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ መምህሩ ምኑን ከምኑ ይለይ? እንዲህ ያለው ይሠራል፦ «ልጄ 2ኛ ክፍል ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነታችን ምክንያት ስለ ፆታ ማንነት ወይም ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ሲነበቡ እንዳይገኝ እጠይቃለሁ። የመጽሐፉ ርዕስና የሚነበብበት ቀን ቀድሞ በኢሜይል ይላክልኝ። በዚያ ሰዓት ስለሚሠራው ሌላ ሥራ ይነገረኝ።» አራት ነገር ይዟል፦ እምነቱን፣ ርዕሰ ጉዳዩን፣ ማሳወቂያውን፣ ምትኩን ሥራ። አራተኛው ሲረሳ ልጁ ኮሪደር ላይ ወይም ቢሮ ውስጥ ያለ ሥራ ሊቀመጥ ይችላል፤ ለትንሽ ልጅ ያ እንደ ቅጣት ነው። በእንግሊዝኛ አጽፋችሁ ለመምህሩም ለፕሪንሲፓሉም በአንድ ኢሜይል ላኩ። በስልክ የተነገረ ነገር ምትክ መምህር የመጣ ቀን ይጠፋል።

ፔረንትቪው (ትምህርት ቤቱ ለወላጆች የሚሰጠው የኢንተርኔት አካውንት) ውስጥ ያለው ኢሜይልና ስልክ የድሮ ከሆነ ማሳወቂያው ወደ ሞተ አድራሻ ይሄዳል። ከሁሉ በፊት እሱን አስተካክሉ።

በቋንቋ በኩል ካውንቲው ጥሩ ነጥብ ይገባዋል፤ አማርኛ መልእክት ከሚተረጉምባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ ለሚከብደው ወላጅ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ በዚህ ጉዳይ በፍጹም አይመከርም፤ የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ራሱ የሚደረገውን ክርክር በሁለት ቋንቋ እንዲሸከም ማድረግ ነው።

አገልግሎቱ የማይደርስበትም አለ። ውሳኔው ስለ ማስተማር እንጂ ላይብረሪ መደርደሪያ ላይ ስላለ መጽሐፍ አይደለም፤ ጓደኛው በምሳ ሰዓት ስለሚያወራውም አይደለም። «ተመሳሳይ መጽሐፍ» የሚለውንም መጀመሪያ የሚለየው ትምህርት ቤቱ ነው። ደካማ ጎኑ እዚህ ላይ ነው፤ ርዕስና ቀን መጠየቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ጥያቄ፣ ልጁ ራሱ ትምህርት ቤት ውስጥ ስሙን ወይም የፆታ አጠራሩን ልቀይር ቢል ወላጅ ይነገረዋል ወይ የሚለው፣ በኦፕት-አውት አይመለስም። የካውንቲው መመሪያ ሠራተኞች ወላጅን ከማነጋገራቸው በፊት ተማሪው ከቤት ምን ያህል ድጋፍ እንዳለው እንዲጠይቁ ያደርጋል። በዚህ ላይ የቀረበውን ክስ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በኦገስት 2023 ዘጋው፤ ምክንያቱ ከሳሾቹ የራሳቸው ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ የፆታ ድጋፍ ዕቅድ እንዳላቸው አለማሳየታቸው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሜይ 2024 ጉዳዩን አልቀበልም አለ። በጽሑፍ የተያዘ የትምህርት መዝገብ ግን ወላጅ የማየት መብት አለው፤ የፌዴራሉ ሕግ ለትምህርት ቤቱ እስከ 45 ቀን ይሰጣል። ጥያቄውን ቀን ጨምራችሁ ጻፉት፤ ቀኑ የሚቆጠረው ትምህርት ቤቱ ከተቀበለበት ዕለት ነው።

በጥቅሉ መብቱ ጠንካራ ነው፤ አፈጻጸሙ ግን በወላጁ ንቃት ላይ የወደቀ ነው። ልጁ መምህር ወይም ትምህርት ቤት በቀየረ ቁጥር ደብዳቤውን በአዲስ ቀን መልሳችሁ ላኩ። በአምስት የሥራ ቀን መልስ ካልመጣ አዲስ ኢሜይል አትጀምሩ፤ በዚያው በመጀመሪያው ላይ መልሳችሁ ጻፉ፣ የላካችሁበት ቀን ከሥሩ አብሮ እንዲታይ።