ደሴ ላይ የቆመው መርከብ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰዉ «መርከቡ» እያለ የሚጠራው አዲስ ምግብ ቤት ተከፍቷል። ውስጡን እንዳለ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ አስመስለውታል። የቤት ውስጥ ዲዛይን ነገር በጣም ስለሚስበኝ ሜኑውን ከማየቴ በፊት ግድግዳውን ነው ያየሁት።

አጀማመሩ ያምራል። ደረጃው ጠመዝማዛ ነው፤ መደገፊያው ነሐስማ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ምሰሶዎቹ ላይ ወፍራም ገመድ ተጠምጥሟል። አስተናጋጆቹ ሰማያዊ ኮሌታ ያለው ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። ቤቱ ሞልቶ ቆመን ሳለ አንዷ መጥታ «አብሽሩ፣ አሁን ይለቀቃል» አለችን፤ እውነትም ብዙ ሳንቆይ ተቀመጥን።

ልቤን የወሰደው ጠረጴዛው ነው። ጠርዙ ዙሪያውን በስስ የእንጨት ክፈፍ ከፍ ብሏል። መርከብ ላይ ይሄ ለጌጥ አይደለም፤ ማዕበል ሲነሳ ሳህንና ብርጭቆ ተንሸራቶ እንዳይወድቅ ነው። የሠራው የዚሁ የደሴ አናጢ ነው አሉኝ። እጁ ይባረክ! ማዕዘኑ ላይ ሁለቱ እንጨቶች ሲገናኙ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት የለም። ችግሩ የእኛ ትሪ ነው። ለአራት ሰው የሚመጣው ትሪ ከጠረጴዛው ስለሚሰፋ ክፈፉ ላይ ይንጠለጠላል፤ በጎረሳችሁ ቁጥር ይወዛወዛል። ወይ ትሪውን ማሳነስ፣ ወይ ጠረጴዛውን ማስፋት ነው።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን መስኮቱ ላይ ነው። ወደ ጦሳ ተራራ የሚያሳየውን ሰፊ መስታወት በቦርድ ዘግተው፣ ክብ ክብ የመርከብ መስኮት ገጥመውበታል። በየክቡ ውስጥ የታተመ የባሕር ፎቶ ተለጥፏል። ከጀርባው ደግሞ ጦሳ ጉም ለብሶ ቆሟል!

የእውነተኛ መርከብ ዲዛይነሮች ልፋታቸው ሌላ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ጉዞ የጀመረችው የፈረንሳይዋ ኖርማንዲ 700 ሰው የሚያስተናግድ፣ ከ90 ሜትር በላይ የሚረዝም የመመገቢያ አዳራሽ ነበራት። አዳራሹ መርከቡ ሆድ ውስጥ ስለሆነ መስኮት የለውም። ያንን ጉድለት በፈረንሳዊው የመስታወት ጥበበኛ በላሊክ ሥራ፣ ከውስጥ በሚበሩ ዓምዶች ሞሉት። በ2009 እ.ኤ.አ. ጉዞ የጀመረችው ኦዌሲስ ኦፍ ዘ ሲስ ደግሞ መሃሏ ላይ ጣሪያ የሌለው መናፈሻ አላት፤ ተክሎቹ እውነተኛ ናቸው። ወደ ውስጥ የዞሩት ክፍሎች በረንዳቸው ወደዚያ ይመለከታል። በ2011 እ.ኤ.አ. በመጣችው ዲዝኒ ድሪም ላይ ደግሞ ባሕር የማይታይባቸው ክፍሎች ክብ ስክሪን ተገጥሞላቸዋል፤ ውጭ ያለው ካሜራ የሚያየውን በቀጥታ ያሳያል። እነሱ የሌለ እይታ ለማምጣት ይሄን ያህል ይደክማሉ። እኛ ጋ እይታው በነፃ እያለ ፎቶ ተለጠፈበት።

ባለቤቱን አግኝቼ ይሄንኑ ነገርኩት። «ጦሳንማ ሰዉ በየቀኑ ያየዋል፣ ባሕር ግን የት ያገኛል?» አለኝ። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ግን አልተስማማሁም። ክቦቹ ይቆዩ፣ ፎቶዎቹ ብቻ ይነሱ። ጦሳ በመርከብ መስኮት ሲታይ እኮ በየቀኑ የምናየው ጦሳ አይደለም። መርከቡም መርከብነቱን አያጣም። «እናየዋለን» አለኝ፤ እንዲያየው ከልቤ እመኛለሁ።

ሌላው ሰማያዊው መብራት ነው። ጣሪያው ላይ ሲታይ ደስ ይላል። ሳህን ላይ ሲያርፍ ግን ጥብሱን ግራጫ ያስመስለዋል፤ ቀይ ወጡም ጥቁር ይሆናል። ከየጠረጴዛው በላይ አንዳንድ ቢጫ አምፖል ቢያንጠለጥሉ ነገሩ ያልቃል።

ምግቡ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነው። ዓሳው ከሐይቅ የመጣ ነው። የተጠበሰው ከውጭ ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ አልደረቀም፤ ዳጣው ያቃጥላል። ጎላሹ ዘይት በዝቶበታል። ቡናው ከሁሉም በለጠብኝ። ጀበናው ከነረከቦቱ፣ ከነዕጣኑ የመርከብ መሪ የመሰለ ትልቅ ክብ እንጨት ሥር ተቀምጧል፤ የምትቀዳው ልጅ ሲኒውን በሁለት እጇ ይዛ «ጀባ» ስትል መርከቡ ወሎ መሆኑ ይታወቃል። ከቤቱ ማስጌጫ ሁሉ ከቦታው ጋር የተስማማው ይሄ ጥግ ነው።

ዋጋው ከአካባቢው ትንሽ ወደድ ይላል፤ ለቤተሰብ ግብዣ ግን አይከፋም። ከሄዳችሁ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለችውን ጠረጴዛ ጠይቁ። እዚያ ጋ ያለው አንድ መስኮት አልተዘጋም።