የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ ከሰልፉ ጀርባ ምን አለ?

ልጁን 9ኛ ክፍል ሊያስመዘግብ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ደጃፍ የሚቆም ወላጅ ስለ ሥነ ሥርዓቱ የሚነግረው ሰው አያጣም። ደወሉ አይዛነፍም፣ ዩኒፎርሙ ንጹሕ ነው፣ ግቢው ተጠርጓል፣ ሲስተሯ ከበሩ አትጠፋም። ባብዛኛው እውነት ነው። ክፍያው ግን ለሰልፍ አይደለም። እዚህ የምንገመግመው አንድን ትምህርት ቤት ሳይሆን አገልግሎቱን ነው፤ እንደ ደላሳል ወንድሞችና እንደ ዶን ቦስኮ ሳሌዥያን ያሉ የካቶሊክ ገዳማውያን ማኅበራት በአዲስ አበባም በክልልም የሚያስተዳድሯቸው ሁለተኛ ደረጃዎች ምን ይሰጣሉ፣ የት ላይ ይደክማሉ። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ የግቢ ኑሯቸው ጠንካራ ነው። ማስተማርን በማሻሻል በኩል ግን በአንዱና በሌላው መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። ልዩነቱን የምታዩት ልጆቹ ከወጡ በኋላ መምህራኑ አብረው በሚቀመጡባት አንዲት ሰዓት ነው።

ከግቢው እንጀምር። በዶን ቦስኮ ልማድ አስተማሪ ከተማሪ ጋር ሜዳ ላይ ይውላል፤ ጥፋት ከደረሰ በኋላ ከመቅጣት ቀድሞ መገኘት ይሻላል የሚል ነው፣ «መከላከያ ዘዴ» ይሉታል። ይህን ለመፈተሽ ቢሮ መግባት አያስፈልግም። በዕረፍት ሰዓት በአጥር በኩል ቆማችሁ ሜዳው ላይ ያሉትን መምህራን ቁጠሩ። አራት አምስት መምህራን በልጆች መሀል ቆመው ካወሩ፣ አንዱም መረብ ኳስ ከገባ፣ ልማዱ አልሞተም። መምህራኑ ሁሉ ሻይ ላይ ሆነው ሥነ ሥርዓቱን ዱላ ለያዘ ጥበቃ ከተዉት ግን የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ጠብ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ሰው በማያይበት ቦታ ነው፤ መጸዳጃ ቤት አካባቢ፣ ከካፍቴሪያው ጀርባ፣ ከሰዓት በኋላ በር ሲከፈት። ተረኛ መምህር እነዚህ ሦስት ቦታዎች ላይ በስሙ ካልተመደበ «ተረኛ አለን» ማለት ወረቀት ነው።

ሃይማኖትን በተመለከተ ወላጆች ከሚገባው በላይ ይጨነቃሉ፣ ወይም ከነጭራሹ አይጠይቁም። የእነዚህ ትምህርት ቤቶች አብዛኛው ተማሪ ካቶሊክ አይደለም፤ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱ አብሮ ይማራል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ግብረ ገብ እንጂ ትምህርተ ክርስቶስ መሆን የለበትም። አስቸጋሪው መርሁ አይደለም፣ የቀን ፕሮግራሙ ነው። ሮብና ዓርብ ካፍቴሪያው የጾም ምግብ ያቀርባል? በረመዳን ከሰዓት በኋላ የስፖርት ፈተና ይደረጋል? ቅዳሴ ሲኖር የማይገባው ልጅ የት ይቀመጣል፣ የባከነችውስ ክፍለ ጊዜ መቼ ትካካሳለች? በደንብ የሚሠራ ትምህርት ቤት ለእነዚህ ከመስከረም በፊት መልስ አለው።

ሌላ የሚታይ ነገር የነጻ ትምህርት ዕድል ነው። ማኅበራቱ የተመሠረቱት ለድኻ ልጅ ነው፤ አሁን ደግሞ ከፋዩ ባይኖር ደመወዝ አይከፈልም። ይህን ግፊት የሚያስተናግዱበት መንገድ ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙ ይናገራል። ክፍያ ያልከፈለ ተማሪ ስሙ በሰልፍ ላይ ከተጠራ ሌላ ምልክት አትፈልጉ። ደብዳቤው በታሸገ ፖስታ ለወላጅ ይሄዳል፣ የነጻ ተማሪዎቹን ስም የሚያውቀው ርዕሰ መምህሩና ሒሳብ ሹሙ ብቻ ይሆናል፤ በቃ።

አሁን ወደ ዋናው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበር። ትምህርት ቤቶች ከዚህ አማካይ በላይ መሆናቸውን በባነር ይሰቅላሉ። እናንተ የምትጠይቁት ግን ሌላ ነው፦ ሮስተር ላይ 85 የነበረው ተማሪ በብሔራዊው ስንት አመጣ? ሁለቱ በሰፊው ከተራራቁ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ክፍል ውስጥ በሚወጣው ፈተና ነው፤ መምህሩ ማስታወሻ ላይ ያጻፈውን መልሶ ይጠይቃል።

መምህር በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲያደርግ ይጠበቅበታል። ፋይሉ በየትም ትምህርት ቤት አለ፤ ፊርማውም ማኅተሙም ሙሉ ነው። የሚለያየው ሰዓቱ በምን እንዳለፈ ነው። ደካማው አካሄድ ይህን ይመስላል፦ ምክትል ርዕሰ መምህሩ በሴሚስተር አንዴ ሠላሳ ነጥብ ያለው ቼክሊስት ይዞ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። መምህሩ ቀኑን ስለሚያውቅ ለእንግዳ የሚሆን ትምህርት አዘጋጅቷል፤ ቡድን ሥራ አለ፣ ቻርት ተለጥፏል። «በጣም ጥሩ» ተሞልቶ ይፈረማል። በማግስቱ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቼክሊስቱ ረዝሞ መምህሩ የሚቀይረው አንድ ነገር ስላልተለየ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የሚሠራው አካሄድ ከዚህ አጭር ነው። አንድ ዓይነት ትምህርት የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን ከክፍለ ጊዜው በፊት አሥር ደቂቃ ይቀመጡና አንድ ጥያቄ ይመርጣሉ፤ ለምሳሌ «ጥያቄ ስጠይቅ የሚመልሱት እነማን ናቸው?» ከዚያ አንዱ የሌላውን ክፍል ይጎበኛል፤ ጎብኚው የመቀመጫ ንድፍ ይዞ እያንዳንዱ የመለሰ ልጅ ላይ ነጥብ ያደርጋል። ከደወል በኋላ ንድፉ ላይ ሁሉም ነጥብ በፊት ወንበር ሰባት ልጆች ላይ ተከምሮ ሲታይ ብዙ ንግግር አያስፈልግም። ውይይቱ በዚያው ቀን ካልተደረገ ግን ዋጋ የለውም፤ በሦስተኛው ቀን ማንም አያስታውስም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ጎብኚ ያንኑ ንድፍ ይዞ ይመለሳል። ርዕሰ መምህሩ እዚህ ያለው ድርሻ አንድ ነው፦ ፕሮግራም ሲያወጣ ለሁለቱ የጋራ ባዶ ክፍለ ጊዜ መስጠት። ይህ ካልተደረገ የቀረው ልመና ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ የፈተና ወረቀት ራሱ ነው። 10ኛ ክፍል ኬሚስትሪ «በ18 ግራም ውሃ ውስጥ ስንት አቶም አለ?» ተብሎ ተጠይቋል እንበል። ከ45 ተማሪ 27ቱ 6.02 × 10²³ የሚለውን መረጡ። ብዙ መምህር «አላጠኑም» ብሎ ያልፋል። ምርጫቸውን ብታዩት ግን አጥንተዋል፤ 18 ግራም አንድ ሞል መሆኑን ያውቃሉ፣ የአቮጋድሮንም ቁጥር ያውቃሉ። የጠፋባቸው በአንድ የውሃ ሞለኪውል ውስጥ ሦስት አቶም መኖሩ ነው፤ መልሱ 1.806 × 10²⁴ ነበር። ስለዚህ ምዕራፉን እንደገና ማስተማር አያስፈልግም። ሞለኪውልና አቶምን የሚለይ የሃያ ደቂቃ ሥራ ይበቃል። የቅዳሜ ቱቶሪያል ውጤት የማያመጣው ብዙ ጊዜ ይህ ስለማይደረግ ነው፤ ያው ትምህርት በዚያው ቃል ይደገማል፣ ልጁም እዚያው ይሳሳታል።

ከቋንቋው ጉዳይም ማምለጥ አይቻልም። የደላሳል ወንድሞች መሥራች ደላሳል በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይ ትምህርት ቤት ሲከፍት ልጆች ማንበብን በላቲን ሳይሆን በሚናገሩት በፈረንሳይኛ እንዲጀምሩ አደረገ። የእኛ 9ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ሒሳቡንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ ይጋፈጣል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ለየትምህርቱ ሠላሳ ሠላሳ ቃል መርጦ በአማርኛ አስረድቶ በእንግሊዝኛ የሚያለማምድ ትምህርት ቤት ካገኛችሁ ደላሳልን በትክክል አንብቦታል። ግቢ ውስጥ አማርኛ ለተናገረ ቅጣት የሚጥል ግን ገልብጦ አንብቦታል።

መምህር በዓመት አጋማሽ መልቀቅ የሁሉም የግል ትምህርት ቤቶች በሽታ ነው፤ ገዳማውያኑም አልዳኑም። ልዩነቱ ወረቀቱ የት እንደሚቀር ነው። የትምህርት ክፍሉ የጋራ ፋይል ካለው፣ የዓመቱ ዕቅድ፣ የፈተናዎቹ ትንተናና ልጆች የተሳሳቱባቸው ጥያቄዎች እዚያ ካሉ፣ በጥር የመጣው አዲስ መምህር ከዜሮ አይጀምርም። በአንድ ሰው ፍላሽ ላይ ከነበረ ግን አብሮት ሄዷል።

ለማን ይሆናል? ረጋ ያለ ግቢና የሚታወቅ ሥርዓት ለሚፈልግ ልጅ ጥሩ ምርጫ ነው። ጠያቂና ተከራካሪ ልጅ ያለው ወላጅ ግን ቀድሞ ይጠይቅ፤ ዝምታን እንደ ጨዋነት የሚቆጥሩ ክፍሎች አሉ። ለምዝገባ ስትሄዱ የውጤት ባነሩን ፎቶ ከምታነሡ ባለፈው ሴሚስተር የወጣ አንድ የ9ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተናና ትንተናው ይታየን በሉ። «ትንተና?» ብለው ፊታችሁን ካዩ ምዝገባውን ለሳምንት አቆዩና ሌላም ትምህርት ቤት ጎብኙ።