ለአባዬ የበገና መምህር፣ ምስጋናዬ ይድረስዎት

ይህን ከጻፍኩት መቆየት ነበረበት። ስንፍና ይዞኝ ነው እንጂ። ዛሬ አባዬ ሳሎን ቁጭ ብሎ በገና ሲደረድር ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

አባዬ ዐይኑን ያጣው በግላኮማ ነው። ይሄ በሽታ ሕመም የለው፣ ምልክት የለው፣ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚመጣው። እኛ ስንነቃ አንዱ ዐይን አልቆለት ነበር። ሌላውም ተከተለ። የዞርንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። አንዱ ሐኪም ግን አባዬ ፊቱ ተቀምጦ እኔን እኔን እያየ «ይሄ አይመለስም፣ በቃ ውሰጃቸው» ያለኝን እስክሞት አልረሳውም። የአባዬ ጆሮ እኮ ደህና ነው! ሁሉንም ሰምቷል።

ከዚያ ቀን በኋላ ክፍሉን ዘግቶ ተኛ። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ማንኪያ የሚያቀብለው ጠባቂ ሆነ። እኛም ያሰብንለት መስሎን ሁሉን ነገር ከእጁ ላይ ቀማነው።

በገናን ያነሳችው እናቴ ናት። አባዬ በጾም ወራት የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን በገና ሲሰማ እንባው እንደሚመጣ ታውቃለች። (በ1960ዎቹ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተምሩ የነበሩት ናቸው፤ ያልሰማችኋቸው ዛሬ ማታ ስሙ።) ማስተማሪያ ቤት ፍለጋ ጀመርን። አንዱ የ3 ወር ክፍያ ተቀብሎ አባዬን ከኋላ አስቀመጠውና «ሰሌዳው ላይ ያለውን ተከተሉ» አለ። ሰሌዳ! ሌላው በስልክ «ለዐይነ ስውር ይከብዳል፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ» ብሎ ዘጋብኝ። በገናውንም በውድ ገዝተነው ሲነኩት ድምፁ እንደ ባዶ ሣጥን ነበር።

መምህርን የጠቆመችኝ የእናቴ የሰንበቴ ጓደኛ ናት። እሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ ዐይነ ስውር ናቸው። ነጭ በትራቸውን ይዘው መጡ። የመጀመሪያውን ቀን በገናውን አልነኩም። ቡና እየተፈላ ነበርና እናቴ ልትቀዳ ስትል «ጀበናውን ለአባቴ ስጧቸው» አሉ። እናቴ «ኧረ ይቃጠላል!» ብላ ጮኸች። «እኔም ተቃጥዬ ነው የተማርኩት እናቴ» አሏት። ከአባዬ አጠገብ ተጠግተው ተቀመጡ። «ጆሮዎን ይስጡኝ። ሲኒው ባዶ ሲሆን ድምፁ ወፍራም ነው። እየሞላ ሲሄድ ይቀጥናል። ቅጥን ሲልልዎት ያቁሙ።»

የመጀመሪያው ሲኒ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛው ጎደለ። ሦስተኛው ከጠርዙ ትንሽ ዝቅ ብሎ ልክ ቆመ። አባዬ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲኒውን ወደ እናቴ ዘረጋ። እናቴ ተቀብላ መጠጣት አቃታት።

«ይኸው በገና መማር ጀምረዋል» አሉት መምህር።

ያንን ዲዳ በገናችንንም ያናገሩት እሳቸው ናቸው። አውታሮቹ ሥር ያሉትን እንዚራ የሚሏቸውን ትናንሽ ቆዳዎች በጥፍራቸው ገፋ አደረጉ፣ ሳቡ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ። ምን እንደሠሩ እኔ አልገባኝም። ብቻ 10ሩም አውታር አንድ በአንድ እዝዝ ማለት ጀመረ። የአባዬን ጣት ይዘው እያንዳንዱን አስነኩት።

ታሪክ አነጋገራቸውስ! ከእያንዳንዱ መዝሙር በፊት ታሪኩን ያወራሉ። ዳዊት ለሳኦል በገና ሲደረድርለት ሲተርኩ ሳኦልን ሳይሆን ደጅ ላይ ተቀምጠው የሚጨነቁትን አገልጋዮች ነው የሚያሳዩን። የሰፈር ልጆች ሰዓቱን አውቀው በራችን ላይ ይኮለኮላሉ። አንድ ቀን የበርጤሜዎስን አወሩ። ሰዉ ዝም በል ሲለው አብዝቶ የጮኸውን። «ጌታ ዐይነ ስውር መሆኑን እያየ፣ ምን ላደርግልህ ትወዳለህ ብሎ ጠየቀው። ጠየቀው እኮ!» አሉ። አባዬ ቀስ ብሎ «እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። መምህርም «እሺ አባቴ፣ ምን መስማት ይወዳሉ?» አሉት። የዚያን ቀን ትምህርቱ 1 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ እስኪመሽ ተጫወቱለት። ለተጨማሪው ሰዓት አምስት ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ለምኜ ነበር።

እባካችሁ ወገኖቼ፣ ቤታችሁ የተኛ አባት ወይም እናት ካለ እኚህን ሰው ጥሩ። በገና የሚማር ልጅ ካላችሁም ጥሩ። ዐይን ያለውንም የሌለውንም ያስተምራሉ፣ ቤት ድረስ ይመጣሉ፣ ሰዓት ያከብራሉ፣ ክፍያቸው ሰው አይጎዳም። ስልካቸውን አደባባይ እንዳላወጣው ስለነገሩኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው አገናኛችኋለሁ። ደግሜ እላለሁ፣ ጥሩአቸው።

መምህር፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው አይጠፋምና፦ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። ያቺን የማክሰኞዋን መዝሙር አባዬ እስከ ግማሽ ደርሶባታል። ሐሙስ ሲመጡ ቡናውን የሚቀዳልዎት እሱ ነው።