አይላንድ ፒክ ለመውጣት ለምታስቡ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ

ዱባይ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ከንፈሬ ገና አልዳነም። የኩምቡ ሳል የሚሉት፣ የከፍታው ደረቅና ቀዝቃዛ አየር የሚያመጣው ሳልም ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሰኛል። ይህን ምስጋና ግን ከዚህ በላይ ማሳደር አልቻልኩም።

በጥቅምት እኔና አብሮ አደጌ ኔፓል ሄደን ነበር። ሐሳባችን አይላንድ ፒክን መውጣት ነው። በአገሬው አጠራር ኢምጃ ጼ ይባላል፤ ከ6,100 ሜትር በላይ ነው። ራስ ዳሽንን ሁለታችንም ወጥተነዋል፤ እሱ ከ4,500 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ልዩነቱን ወረቀት ላይ ሳየው ያን ያህል አልመሰለኝም ነበር።

ሥራ ቦታ አብራኝ የምትውል ኔፓላዊት አለች። “ታላቅ ወንድሜ እኮ ሥራው ተራራ ላይ ነው” ብላ አገናኘችን። ኔፓሎች ታላቅ ወንድምን ዳይ ይሉታል። እኛም ዳይ አልነው፤ እሱ ደግሞ “ባሂኒ” ይለናል፣ ታናሽ እህቴ ማለት ነው። ስሙና ስልኩ በአደባባይ እንዲወጣ አይፈልግም። ኢንቦክስ ብትጠይቁኝ ግን አገናኛችኋለሁ።

ከእሱ በፊት ያነጋገርነው አንድ አስጎብኚ ድርጅት ነበር። ከካትማንዱ ተነስታችሁ ካትማንዱ እስክትመለሱ 12 ቀን ይበቃችኋል፣ ጫፍ መድረሳችሁም አይቀርም አለን። ዋጋውም ደህና ነበር። ፕሮግራሙን ለዳይ ላክንለት። አየውና “በዚህ አልወስዳችሁም” አለ። የከፍታ ሕመም እንዳይዛችሁ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር ብዙም መጨመር የለበትም፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቦታ ሁለት ሌሊት ማደር አለባችሁ አለን። የእሱ ፕሮግራም 18 ቀን ሆነ። መንገዱ ላይ ባሉት መንደሮች፣ ናምቼ ሁለት ሌሊት፣ ዲንግቦቼ ሁለት ሌሊት፣ ቹኩንግ ሁለት ሌሊት፣ ለአየሩ ደግሞ አንድ ትርፍ ቀን። የዓመት ፈቃዴ ስለማይበቃ ተከራከርኩት። “እንግዲያው ለከርሞ ነይ” አለኝ። አለቃዬን ለምኜ ቀን አስጨመርኩ።

በእኛ ፓስፖርት ለምትሄዱ አንድ ነገር ላስምርበት። ኔፓል ኤርፖርት ላይ ቪዛ ከማይሰጣቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። አስቀድማችሁ ከኤምባሲ መያዝ አለባችሁ። ይህንንም የነገረን ዳይ ነው፤ ድርጅቱማ “ስትደርሱ ትይዙታላችሁ” ብሎን ነበር። ኢንሹራንሳችሁንም ላኩልኝ አለ፤ ቁጭ ብሎ አነበበው። የእኔ የሚሸፍነው እስከ 4,500 ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። እሱ ባያየው ኖሮ፣ እላይ ብታመም ለሚያወርደኝ ሄሊኮፕተር ከኪሴ ልከፍል ነበር ማለት ነው። ወዲያው ቀየርኩት። እሱን ባትቀጥሩ እንኳ የምትቀጥሩትን ሰው ፈቃዱን አሳየኝ በሉት። የእግር ጉዞ መሪነት ፈቃድና የተራራ መውጣት ፈቃድ አንድ አይደሉም።

መንገድ ላይ ሁሌም “ቢስታሬ፣ ቢስታሬ” ይለናል። ቀስ በሉ ማለቱ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተርጉሜ ነገርኩት። በጣም ወደደው። ከዚያ ወዲያ በፈጠንኩ ቁጥር ከኋላዬ “እንቁላል!” እያለ ይጣራል።

ናምቼ ስንደርስ የያዝነውን በሶ አወጣን። ቆንጠር አድርጎ አሸተተውና ፊቱ በራ። “ጻምፓ!” አለ። ለካ ሸርፓዎችም፣ የዚያ ተራራ አገር ሰዎች፣ ገብስ ቆልተው ይፈጫሉ፤ በቅቤና በሻይ ያሹታል። ልጅ ሆኖ እናቱ የምትሰጠው እሱን ነበር። ያን ቀን በሶውን ለሦስት በላነው።

ቹኩንግ ላይ፣ ከሎጁ ጀርባ፣ ትልቅ ድንጋይ ላይ ገመድ አሰረ። ወፍራሙን ጓንት አድርጊ አለኝ። ከወገቤ ቀበቶ ጋር የታሰሩ ሁለት ነገሮች አሉ፦ ካራቢነር የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ቀለበት ነው፤ ጁማር ደግሞ ገመዱን ነክሶ ወደ ላይ ብቻ የሚንሸራተት መያዣ። ቋጠሮ ጋ ስትደርሺ መጀመሪያ ካራቢነሩን ከቋጠሮው በላይ አስገቢ፣ ከዚያ ጁማሩን አውጪ፣ ምንጊዜም አንዱ ገመዱ ላይ ይሁን። አሥር ጊዜ አሠራኝ። ከዚያ ዓይንሽን ጨፍኚ አለኝ። እንደገና አሥር ጊዜ። ጣቴ አልታዘዝ ሲለኝ ጓንቴን ላወልቅ ስል እጄን ያዘኝ። “እላይ ጓንት አይወልቅም።”

አብሮ አደጌ ቹኩንግ በሁለተኛው ማለዳ አስመለሳት። ራስ ምታቱም አልለቃት አለ። ዳይ የኦክስጅን መለኪያውን ጣቷ ላይ አደረገ። ከዚያ ሚዛኗን ለማየት ግቢው ውስጥ ቀጥ ባለ መስመር አራመዳት፤ ተረከዟን ከሌላው እግሯ ጣት ጋር እያስነካች። አልተንገዳገደችም። “ጥሩ። በእግርሽ ትወርጃለሽ፣ አሁኑኑ” አላት። አለቀሰች። እኔም አንድ ቀን ብቻ እንጠብቃት ብዬ ለመንኩት። አልመለሰልኝም። አጠገቧ ተቀምጦ አልቅሳ እስኪወጣላት ጠበቃት። ከዚያ ረዳቱን አብሯት ላከ፤ ዝቅ ብሎ ፌሪቼ መንደር እስካለው የሂማላያን ሬስኪዩ አሶሲዬሽን ክሊኒክ ድረስ። ሄሊኮፕተር አልጠራም። እዚያ አገር ሳያስፈልግ ሄሊኮፕተር እየጠሩ የኢንሹራንስ ገንዘብ የሚበሉ ነበሩ፤ የኔፓል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 መርምሮታል። ክሊኒኩ ያለችው ሐኪምም መውረዷ ልክ ነው አለች። በኋላ ናምቼ ስወርድ ሁለተኛ ሳህን ዳል ባት፣ ሩዝ በምስር፣ ይዛ አገኘኋት።

ከአይላንድ ፒክ ሥር ካለው ቤዝ ካምፕ የተነሳነው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ከመነሳታችን በፊት በሶ በሙቅ ሻይ በጠበጠልኝ። የውሃ ጠርሙስሽን ገልብጠሽ ያዢው አለኝ፤ ውሃ ከላይ ጀምሮ ስለሚበርድ ክዳኑ በበረዶ እንዳይዘጋ። የበረዶ ግግሩ ጋ ስንደርስ ነጋ። የመጨረሻው ዳገት ከ100 ሜትር በላይ የሚሆን የቆመ በረዶ ነው። አንድ እርምጃ፣ አምስት ትንፋሽ። እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ግማሽ ያህል ነው። ማሰብ አቅቶኝ ነበር፤ እጄ ግን ሥራውን ያውቀዋል። ከፊታችን አንድ ሰው ቋጠሮ ላይ ተይዞ ጓንቱን አውልቆ ይታገላል። ዳይ በጎን ወጣና ካራቢነሩን አሻገረለት፤ ጓንቱንም መልሶ አጠለቀለት። ሰውዬው የእኛ ቡድን አልነበረም።

ጫፉ ጠባብ ነው። ፊት ለፊት የሎትሴ ተራራ ቆሟል፣ 8,516 ሜትር። ኤቨረስት ከጀርባው ስለሆነ አይታይም። ይህንንም ገና ዱባይ ሳለን ነግሮናል፤ ኤቨረስትን ማየት ከሆነ የምትፈልጉት ካላ ፓታር የሚባለው ኮረብታ ይሻላችኋል፣ ወጪውም ይቀንስላችኋል ብሎ። እ.ኤ.አ. በ1953 ኤቨረስት ጫፍ መጀመሪያ ከደረሱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ቴንዚንግ ኖርጌና ጓዶቹ ለኤቨረስት ሲዘጋጁ ከተለማመዱባቸው ተራራዎች አንዱ ይህ ነው። የልምምድ ተራራ ስለሚባል ሰው ይንቀዋል፤ ዳይ ግን ስንወርድም እንደ መጀመሪያው ቀን ቋጠሮዬን ሁለት ጊዜ ይፈትሽ ነበር።

ዳይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አብሮ አደጌን ለእናቷ በደህና መልሰሃል።

እና አንድ ልመና አለኝ። ከዱባይ ወደ ካትማንዱ የሚሄድ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ለዳይ እናት ሁለት ኪሎ በሶ አዘጋጅቻለሁ።