ሦስት የዘይት ግፊት ጌጆች በአባይ በረሃ ዳገት

ቱርቦ የተጨመረለት ኮሮላ ከአባይ ድልድይ ተነስቶ ደጀን እስኪደርስ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ይጎትታል። ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወጣው በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ በበረሃው ሙቀት ነው። ዘይት የሚቀጥነው፣ ብሮንዚናም (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ልባስ) የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ከፋብሪካ የመጣችው ቀይ የዘይት መብራት የምትበራው ግን ግፊቱ ወደ 0.5 ባር (የግፊት መለኪያ) እና ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። በደቂቃ 4,000 ዙር ላይ 1 ባር ብቻ የቀረው ሞተር ሊነክስ (ሊጣበቅ) ደርሶም መብራቷ ጠፍታ ትቆያለች። ሞተሩን ያሻሻለ ሰው ጌጅ (የግፊት ማሳያ) ያስፈልገዋል። በገበያ ላይ ያሉትን ሦስት ዓይነቶች ለጎጃም መንገድና ከፍታ እንዲህ እንመዝናቸዋለን።

መነሻ ቁጥሩ ይታወቅ። ለ4ኤ-ኤፍኢ (የብዙ ኮሮላዎች) ሞተር ቶዮታ ያስቀመጠው ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) ቢያንስ 0.3 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር (ወደ 4 ፒኤስአይ፤ 1 ባር ወደ 14.5 ፒኤስአይ ነው)፣ በ3,000 ዙር ደግሞ ከ2.5 እስከ 5 (ከ36 እስከ 71 ፒኤስአይ) ነው። ቱርቦ ሲጨመር ግን በዝቅተኛው ጠርዝ ላይ መንዳት አያዋጣም። ለእያንዳንዱ 1,000 ዙር 10 ፒኤስአይ የሚለው የቆየ የመካኒኮች ልክ በሙቅ ዘይት ሲለካ እዚህም ይሠራል።

በጣም ርካሹ በግሊሰሪን የተሞላው ትንሹ ጌጅ ነው፤ ኮፈኑ ሥር ሞተሩ ላይ ይታሰራል። ግሊሰሪኑ መርፌው እንዳይንቀጠቀጥ ስለሚይዘው ንባቡ የረጋ ነው፤ ሽቦ አይፈልግም፣ አይቃጠልም። አንድ ጉዳይ ግን ደገኛውን ሁሉ ያሳስታል። ይህ ጌጅ የታሸገው በባሕር ወለል አየር ከሆነ ያ አየር ውስጡ ተዘግቶ ይቀራል። ደብረ ማርቆስ ላይ የውጭው አየር ከባሕር ወለሉ በሩብ ባር ያህል ያንሳል። ስለዚህ ጌጁ ከእውነተኛው ወደ 4 ፒኤስአይ ቀንሶ ያነባል፤ ባሕር ዳር ላይ ወደ 3 ይቀንሳል። ሞተሩ ሲሞቅ ግሊሰሪኑም ስለሚያብጥ ልዩነቱ ይጨምራል። በ60 ላይ 4 ማጣት ምንም አይደለም። በሚኒሞ 9 ያለውን 5 ብሎ ሲያሳይ ግን ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ደህና ሞተር ይፈታል፣ ወይም ወፍራም ዘይት ይሞላል። ሞተሩ ሲጠፋ መርፌው ማቆሚያው ላይ ስለሚያርፍ ስህተቱ አይታይም። መፍትሔው ከላይ ያለውን የጎማ መክደኛ ጫፍ ቆርጦ ማስተንፈስ ነው። የታመቀው አየር ሽው ብሎ ይወጣል፣ ንባቡም ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ጌጁ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ካጋደለ ግሊሰሪኑ ይፈሳል። ይህ ከተደረገለት ለማረጋገጫ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። ነገር ግን ኮፈን ሥር ያለን ጌጅ ዳገት ላይ ማየት ስለማይቻል ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው 52 ሚሊ ሜትር የሆነው ሜካኒካል ጌጅ ነው፤ ዘይቱን ራሱን በቀጭን ቱቦ እስከ ዳሽቦርዱ ያመጣል። ንባቡ ትክክል፣ ምላሹም ፈጣን ነው። ችግሩ አብሮት የሚመጣው የናይለን ቱቦ ነው። ከቱርቦው ወይም ከጭስ ማውጫው ጋር ከተጠጋ ይቀልጣል፤ የሚረጨው ዘይት በጋለ ብረት ላይ ካረፈ እሳት ይነሳል። ጌጁን ገዝቶ ናይለኑን መጣል ይሻላል። በምትኩ በሽቦ የተጠለፈ ቀጭን ሆዝ ይግባ። የመዳብ ቱቦ የሚመርጡም አሉ፤ መዳብ ግን በንዝረት እየደረቀ ይሰነጠቃልና ሞተሩ አጠገብ ሁለት ዙር ያህል ጠምዞ ላላ አድርጎ መተው ግድ ነው። በሞተሩና በጋቢናው መካከል ባለው የብረት ግድግዳ በኩል ሲያልፍ የጎማ ቀለበት ካልተደረገለት የኮረኮንች መንገድ ቱቦውን ይበሳዋል።

ሦስተኛውና እኛ የምንመርጠው የኤሌክትሪኩ ነው። ዘይት ወደ ውስጥ አይገባም፣ ሽቦ ብቻ ነው የሚያልፈው። ሲገዙ ጌጁና ሴንሰሩ አንድ ላይ የታሸጉ መሆናቸውን ይመልከቱ። የአውሮፓው ልክ ግፊት ሲጨምር ከ10 ወደ 180 ኦም ገደማ ይወጣል፤ የአሜሪካው ከ240 ወደ 33 ይወርዳል። አንዱን ከሌላው ጋር ያገናኘ ሰው መርፌው ወደ ኋላ ሲሄድ ያያል። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር መሬቱን (ኔጋቲቩን) የሚያገኘው በፊሌቶው (በሚታሰርበት ጥርስ) በኩል ስለሆነ ማሸጊያ ቴፍሎን ከበዛበት ቁጥሩ ይዋሻል። ባለ ሦስት ሽቦው የተሻለ ነው፤ ብዙዎቹ ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት ስለሚሰጡ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍቶ በቴስተር 0.5 ማየት ጤንነቱን ያረጋግጣል።

የትኛውም ቢገዛ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አገጣጠሙ ላይ ነው። የቶዮታ የመብራቷ ስዊች ፊሌቶ 1/8 ቢኤስፒቲ (የእንግሊዝ የቱቦ ጥርስ ልክ) ሲሆን በአንድ ኢንች 28 ጥርስ አለው። ከአብዛኞቹ ጌጆች ጋር የሚመጣው ግን 1/8 ኤንፒቲ (የአሜሪካው ልክ)፣ 27 ጥርስ ነው። ሁለቱ ሁለት ሦስት ዙር ያህል ይያያዙና ይጨብጣሉ፤ ባለሙያው ገባ ይላል፣ ከሳምንት በኋላ ዘይት ማላብ ይጀምራል። ማገናኛ አስማሚ ይፈለግ፣ ካልተገኘም ጥሩ ቶርኖ ያለው ሰው ይሠራዋል። ሌላው ጥፋት የናሱን ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) በቀጥታ ሞተሩ ላይ አስሮ ከባዱን ሴንሰር ማንጠልጠል ነው። ንዝረቱ አንገቱን ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ዘይቱ በሙሉ በጥቂት ጊዜ መንገድ ላይ ይፈሳል። ከስዊቹ ቀዳዳ አጭር ሆዝ አውጥቶ ቲውን፣ ሴንሰሩንና የድሮዋን ስዊች የመኪናው አካል ላይ በብራኬት ማሰር ነው። ቀይዋ መብራት በሥራዋ ትቀጥል።

ብዙ ሻጮች በዘይት ፊልትሮው ሥር የሚገባውን ሳንድዊች ፕሌት (የሴንሰር ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት) ያቀርባሉ፤ ለኮሮላው መሐል ቡሎኑ 3/4-16 (3/4 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 16 ጥርስ) መሆኑን ያረጋግጡ። ይገጠማል፣ አይፈስም። ግን ቀዳዳው የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ገና ያልተጣራውን ዘይት ነው። ፊልትሮው ቢደፈንም ጌጁ ጥሩ ቁጥር ያሳያል፤ ብሮንዚናው የሚያገኘው ግፊት ግን ያነሰ ነው። ለቱርቦው የሚሄደውን ዘይት ከዚያ መውሰድ ደግሞ ጨርሶ አይገባም።

ጌጁ ከታሰረ በኋላ የሞተሩ የመጀመሪያ አነሳስ በጥንቃቄ ይሁን። የእሳቱ ፊውዝ ይውጣ፣ የነዳጁም ይቋረጥ፤ በሞተሪኖ 10 ሰከንድ ያህል እያሽከረከሩ፣ በየመሐሉ እያሳረፉ፣ ጌጁ እስኪነሳ ይጠበቅ። ከዚያ ሞቆ ይለካ። በሚኒሞ ሲሞቅ ብቻ ከልክ በታች የሚወርድ ከሆነ የብሮንዚናው ክፍተት ሰፍቷል፣ ወይም ዘይቱ በቤንዚን ቀጥኗል። በጠባቡ ጠመዝማዛ ላይ መርፌው ድንገት ወድቆ የሚመለስ ከሆነ ዘይቱ በኮፓው (ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት መያዣ) አንድ ጎን ተሰብስቦ መምጠጫው አየር እየሳበ ነው። መጀመሪያ ደረጃው ይታይ፤ ሙሉ ከሆነ ኮፓው ውስጥ መከለያ ቆርቆሮ ያስፈልጋል።

በሚኒሞ የወረደን ግፊት ለማንሳት የሪሊፍ ቫልቩ (ከልክ ያለፈ ግፊት የሚያስተነፍሰው) ሞላ ሥር ዋሸር የሚጨምሩ ጋራዦች አሉ። ይህ አይረዳም። በሚኒሞ ቫልቩ ዝግ ነው፤ ዋሸሩ የሚለውጠው በከፍተኛ ዙር ያለውን ጣሪያ ብቻ ነው። በደብረ ማርቆስ ብርድ ማለዳ ደግሞ ያ ጣሪያ ከልክ አልፎ የፊልትሮውን ጎማ ይገፋዋል። ወፍራሙን 20ደብሊው-50 ዘይት መሙላትም ቁጥሩን ያሳድጋል፣ ግን በቀዝቃዛ አነሳስ ዘይቱ ወደ ቱርቦው ዘንግ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

የኤሌክትሪኩን ለዘወትር፣ የተነፈሰውን የግሊሰሪን ጌጅ ደግሞ ቀጥ አድርገው አቁመው በመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ይያዙ። ሁለቱ በአንድ ሙቅ ሞተር ላይ ከ5 ፒኤስአይ በላይ ከተለያዩ መቀየር ያለበት ሴንሰሩ ነው፤ ሞተሩ አይፈታ።